የዲዋሊ መብራት እንዴት ይሠራል? ለልጆቻችንስ እንዴት እናስረዳቸው?

ገርጂ ውስጥ፣ ከመብራት ኃይል እስከ ጊዮርጊስ ባሉት ፎቆችና ግቢዎች፣ ሕንዳዊ ጎረቤት ያለው ልጅ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ አንድ ምሽት ደጃፍ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ የሸክላ መብራቶች ሊያይ ይችላል። አይቶም ዝም አይልም። «እማዬ፣ እነሱ ቤት መብራት ጠፍቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ሻማ መለኮስ ለለመደ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወላጅ ቸኩሎ «አይ፣ በዓላቸው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይሁንና በዚህች ጥያቄ ውስጥ ሦስት ትምህርቶች አሉ፦ እሳት በምን እንደሚኖር፣ ጨረቃ እንዴት እንደምትቆጠር፣ ጎረቤት እንዴት እንደሚከበር።

ስለ በዓል ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ከትርጉሙ እንጀምራለን። «ብርሃን ጨለማን ያሸንፋል» እንላለን። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ገና ባዶ ቃል ነው። ዘይት በጥጥ ክር ላይ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኑ ያየ፣ ነበልባል አየር ሲያጥረው ሲጠፋ የተመለከተ ልጅ ግን ብርሃን መመገብና መጠበቅ እንዳለበት ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ሲነገረው የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ አሠራሩ፣ ቀጥሎ ታሪኩ፣ በመጨረሻ ትርጉሙ።

ዲያ ምንድን ናት?

ሂንዱዎች ዲዋሊ በሚባለው የብርሃን በዓላቸው የሚያበሯት ትንሽ መብራት ዲያ ትባላለች። ከሸክላ ትሠራለች፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ ጎድጓዳ ጣባ ናት ማለት ይቻላል። አንዱ ጠርዟ በጣት ተቆንጥጦ ሾል ያለ አፍ ይኖራታል፤ ክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ውስጧ ዘይት ይፈስሳል። እንደየአገሩ የሰሊጥ ወይም የሰናፍጭ ዘይት ይሆናል፤ ለጸሎት ብዙዎች የሚመርጡት ንጥር ቅቤ ነው። ክሩ ከጥጥ በእጅ ይፈተላል።

እነዚህ ነገሮች ለኢትዮጵያ ወጥ ቤት እንግዳ አይደሉም። ሸክላ ሠሪዎቻችን ጣባና ማጨሻ ያውቃሉ። ባዘቶ ጥጥ ገበያ ላይ ይገኛል። ሰሊጡ ከሁመራ ይመጣል። ኑግም ቢሆን በዓለም ላይ በዋናነት የሚመረተው በኢትዮጵያና በሕንድ ነው። ልጅዎ «ይቺን እኛም መሥራት እንችላለን?» ካለ መልሱ «እንችላለን» ነው። አሠራሩን ወደ ታች ያገኙታል።

የሚነደው ክሩ ነው ወይስ ዘይቱ?

ልጆች ክሩ የሚነድ ይመስላቸዋል። አዋቂም ቢሆን ቆም ብሎ ካላሰበበት እንደዚያው ያስባል። በእርግጥ የሚነደው ዘይቱ ነው። እሱም ፈሳሽ ሆኖ ሳለ አይነድም፤ መጀመሪያ ወደ ተን መለወጥ አለበት።

ሂደቱ እንዲህ ነው። የጥጥ ክር በውስጡ እጅግ ቀጫጭን ክፍተቶች አሉት። ዘይት ከጥጡ ጋር ይጣበቃል፤ የዘይቱ ቅንጣቶችም እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ በክፍተቶቹ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ክሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የነበልባሉ ሙቀት ዘይቱን ወደ ተን ይለውጠዋል። ተኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይነዳል። ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ተከታዩን ዘይት ያተንናል። በዚህ መንገድ ነበልባሉ ምግቡን ራሱ እየሳበ ይኖራል። ዘይቱ እስካለ ድረስ ክሩ ብዙም የማይቃጠለው፣ እየወጣ ያለው ዘይት በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ስለሚወስድለት ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚሸት ጭስ ይወጣና መብራቱ ይጠፋል።

ቀለሙስ? ነበልባሉን ጠጋ ብለው ቢያዩት ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከላዩ ቢጫ ነው። ከሥር አየር በደንብ ስለሚያገኝ ተኑ ሙሉ በሙሉ ይነዳል። ከላይ ግን ኦክስጅን ስለሚያንሰው ያልነደዱ ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነሱ እንደ ፍም ግለው ሲያበሩ ያንን ወርቃማ ብርሃን ይሰጡናል። ቀዝቃዛ ማንኪያ ለአፍታ ነበልባሉ ላይ ቢይዙ ጥቁር ጥላሸት ይለጥፋል፤ ሲያበሩ የነበሩት ቅንጣቶች እነሱ ናቸው። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍት የጻፉበት ጥቁር ቀለም ከዋና ግብዓቶቹ አንዱ ጥላሸት ነው። ለልጅዎ «ፊደሉን ያጠቆረውና መብራቱን ወርቃማ ያደረገው አንድ ነገር ነው» ብለው ይንገሩት፤ አይረሳውም።

ነበልባሉ ወደ ላይ የሚሾለው ደግሞ የሞቀ አየር ስለሚቀልልና ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከጎንና ከሥር እየገባ ቦታውን ይይዛል። ጠፈር ላይ፣ ክብደት በማይሰማበት ቦታ፣ ተመራማሪዎች ሻማ ለኩሰው ሲያዩ ነበልባሉ ክብ ሆኗል።

ልጆችን በአንድ ነበልባል ብዙ ማስተማር እንደሚቻል ያሳየው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ነው። በእ.ኤ.አ. 1860 መጨረሻ የገና ሰሞን ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስድስት ተከታታይ ትምህርቶች ሰጠ፤ ርዕሱ አንድ ሻማ ብቻ ነበር። ተንን፣ አየርን፣ ውኃን፣ የሰውን ትንፋሽ ሁሉ ከዚያች ሻማ ተነሥቶ አስረዳ።

ለምን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት?

ዲዋሊ የሚከበረው ካርቲክ በሚባለው የጨረቃ ወር አካባቢ፣ ጨረቃ ጨርሳ በማትታይበት ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ትሆናለች፤ ብርሃን የሚያርፍባት ፊቷ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር ለእኛ የሚታየን ጨለማው ጀርባዋ ነው። መብራቶቹ የሚደረደሩት ሰማዩ ራሱ ብርሃን ባጣበት ሌሊት ነው ማለት ነው።

ይህን በብርቱካን ማሳየት ይቻላል። ክፍሉን ያጨልሙና የስልክዎን ባትሪ አብርተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ እሱ ፀሐይ ነው። ልጁ ምድር ይሁን፤ ክንዱን ዘርግቶ ብርቱካኑን ከፊቱ ይያዝ። ብርቱካኑን ወደ ባትሪው አቅጣጫ ሲይዘው ለእሱ የሚታየው ገጽ ጨለማ ይሆናል። ቀስ ብሎ በቦታው ሲዞር ብርሃኑ ከጠርዝ ጀምሮ እያደገ ይሄዳል። ለባትሪው ጀርባውን ሲሰጥና ብርቱካኑን ከራሱ ከፍ አድርጎ ሲይዘው ሙሉ ጨረቃ ይታየዋል።

አሁን ደግሞ ቀኑ። ልጅዎ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ከሆነው እርሳስና ወረቀት ያምጣ። የዲዋሊ ዋና ሌሊት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 2፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 21፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ዋለ። በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 29 ይውላል። ልዩነቱን ያስላ። ከኅዳር 2 ወደ ጥቅምት 21 ሲመጣ 11 ቀን ወደ ኋላ፣ ከጥቅምት 21 ወደ ጥቅምት 10 እንደገና 11 ቀን ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጥቅምት 29 በአንድ ጊዜ 19 ቀን ወደ ፊት።

የበዓላት ማስያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወዲያው ያውቃቸዋል። ጥንተ አበቅቴ 11፣ ጥንተ መጥቅዕ 19 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ምክንያቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት ደግሞ 365 ቀን ገደማ ነው። ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች። ዝም ከተባለች በዓሉ ከወቅቱ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የሂንዱ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ትንሽ ቆይቶ አንድ ተጨማሪ ወር ያስገባል፤ በ19 ዓመት ሲታይ ሰባት ያህል ተጨማሪ ወራት ይሆናሉ። በ2018 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እንዲህ ያለ ወር ስለገባ ነው የ2019ኙ ዲዋሊ ወደ ፊት የገፋው። የእኛም ፋሲካ የሚሰላው በዚሁ የ19 ዓመት ዑደት ነው። ዲዋሊ አንዳንዴ እንደየከተማው በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው።

ወቅቱም የሚያገናኘን ነገር አለው። የሕንድ ዝናብና የእኛ ክረምት የሚመጡት በተመሳሳይ ወራት ነው፤ ሁለቱም የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ ይዘንባሉ፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ያባራሉ። ደመናው ተገፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ እህሉ ሲያፈራ እኛ ችቦና ደመራ እናበራለን፤ እነሱ ዲያ ያበራሉ።

ታሪኮቹ

ለልጅ ታሪክ ሲነገር ባለቤቶቹ እንደሚናገሩት መንገር ያስፈልጋል። «ሂንዱዎች እንዲህ ብለው ይተርካሉ» ብለው ይጀምሩ፤ ይህች አንዲት ሐረግ እውነተኛም አክባሪም ናት።

በሰሜን ሕንድ በብዛት የሚነገረው የራማ ታሪክ ነው። ልዑል ራማ ከሚስቱ ከሲታና ከወንድሙ ከላክሽማን ጋር ለ14 ዓመት ከአገሩ ተሰደደ። ሲታን የጠለፋትን አሥር ራስ ያለውን ራቫናን ድል አድርጎ ወደ ከተማው ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መንገዱን በመብራት አደመቀለት። ዛሬም በአዮድያ በሳራዩ ወንዝ ዳር በዲዋሊ ሰሞን መብራት ይደረደራል፤ በ2017 ዓ.ም. ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ዲያዎች በአንድ ምሽት በርተዋል።

በደቡብ ሕንድ ጎልቶ የሚነገረው ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ኃይል ድል ያደረገበት ታሪክ ነው። በምዕራብ፣ በተለይ በጉጃራት ነጋዴዎች ዘንድ፣ ሌሊቱ የብልጽግና አምላክ የምትባለው የላክሽሚ ነው፤ ንጹሕና ብርሃን ያለበትን ቤት ትጎበኛለች ስለሚባል ቤቱ ይጸዳል፣ በዲዋሊ ማግሥትም አዲስ ዓመታቸው ይገባል። በቤንጋል ደግሞ በዚያው ሌሊት የካሊ በዓል ይከበራል።

መብራቱ የሂንዱዎች ብቻም አይደለም። የሌላ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት ጄይኖች መምህራቸው ማሃቪራ ከዚህ ዓለም ድካም ነጻ የወጣበትን ቀን ያስቡበታል። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ ስድስተኛው መምህራቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ከግዋሊየር ምሽግ እስር መፈታቱን ያከብሩበታል፤ ጉሩው ብቻውን አልወጣም፣ 52 መሳፍንትን አስፈትቶ አብሯቸው ወጣ ብለው ይተርካሉ። ይህን የመጨረሻውን ታሪክ ልጆች ይወዱታል፤ ለፍትሕና ለወዳጅነት ቅርብ ነውና።

ዲዋሊ ብቸኛው የብርሃን በዓልም አይደለም። በታሚል ናዱ ካርቲጋይ ዲፓም በሙሉ ጨረቃ ይከበራል፤ በቲሩቫናማላይ ከተማ በአሩናቻላ ተራራ ጫፍ ላይ ከሩቅ የሚታይ ታላቅ እሳት ይለኮሳል። ከሆሊ በዓል ዋዜማ ማታ በየሰፈሩ እንጨት ተከምሮ ይነድዳል። ፑንጃቢዎች ጥር መግቢያ ላይ፣ ከእኛ ጥምቀት ጥቂት ቀን አስቀድሞ፣ ሎህሪ ብለው እሳት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በየቤተ መቅደሱና በየቤቱም አርቲ የሚባል ሥርዓት አለ፦ መብራቱ በአምላኩ ምስል ፊት በክብ ይዞራል፤ ከዚያ ምእመናኑ መዳፋቸውን ወደ ነበልባሉ አስጠግተው ወደ ዓይናቸውና ወደ ግንባራቸው ይወስዱታል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚደጋገም ሐሳብ አለ። ብርሃን ዕውቀት ነው፤ ጨለማ አለማወቅ ነው። ሂንዱዎች ከጨለማ ወደ ብርሃን መመራትን የሚለምን ጥንታዊ ጸሎት አላቸው፤ ብዙ የሕንድ ልጆች ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ይማሩታል። ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ ዲያዋ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ከደጃፍ፣ ከመስኮት፣ ከደረጃ ላይ የምትቀመጠው የሚመጣው ሰው እንዲያያት ነው። ለልጅ ሲነገር «ና፣ ቤታችን ክፍት ነው» ማለት ነው።

ከችቦው ይጀምሩ

የጎረቤትን ብርሃን ለማስተዋል ቀላሉ መንገድ የራስን ማወቅ ነው። የእኛ ልጆች በቡሄና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ያያሉ። ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ለምን እንደሚበራ አያውቁም፤ እኛ አልነገርናቸውማ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ክርስቶስ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ አካባቢው ሁሉ ስለበራ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ተብሎ ይተረካል። ሙልሙሉም ችቦውም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። መስከረም 16 ደግሞ ደመራ ነው። ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል ስትፈልግ ደመራ አስደምራ ዕጣን ብታጤስበት ጢሱ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ አመለከታት ተብሎ ይተረካል። በአንዱ በዓል ብርሃን የጠፋ ልጅ ይፈልጋል፤ በሌላው ጢስ የተቀበረ ነገር ያሳያል። ሁለቱም ትርጉማቸው በአንድ ተግባር ውስጥ አለ፤ ልጅ የሚይዘውም ተግባርን ነው። ሙስሊም ቤተሰብም ስለ ኑር ማለትም ስለ ብርሃን፣ ስለ ረመዳን ምሽቶችና ከጨረቃ ማየት ጋር ስለሚጀምረው ወር የሚነግረው አለው።

ይህን የሰማ ልጅ ወደ ጎረቤቱ ዲያ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። «እኛ ጋ ችቦ፣ እናንተ ጋ ዲያ» ብሎ ይጀምራል። የሁለቱም ታላቅነት በዓለም መድረክ ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ዲዋሊን በ2018 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል።

የኢትዮጵያና የሕንድ ትውውቅ በሰፈር ጎረቤትነት የተጀመረ አይደለም። በደብረ ዳሞ፣ ሰሜን ሕንድን ጭምር ይገዛ የነበረው የኩሻን መንግሥት ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከ1,700 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ በአክሱም ዘመን የነበረውን ንግድ ይመሰክራሉ። በንጉሡ ዘመን ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ብዙ መምህራን ሕንዳውያን ነበሩ። ዛሬ አያት የሆኑ ብዙ ሰዎች ዘይት በክር ለምን እንደሚወጣ መጀመሪያ የሰሙት ከሕንዳዊ መምህራቸው ሊሆን ይችላል። አያት በቤት ካሉ ልጅዎ ይጠይቃቸው።

በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ

እሳት የሌለበትን ሥራ ያስቀድሙ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ የቀይ ሥር ውኃ ያድርጉ። ሶፍት ጠቅልለው ጫፉን ይንከሩት፤ ሌላውን ጫፍ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ይጣሉት። ቀዩ ውኃ በሶፍቱ ላይ ወጥቶ ወደ ባዶው ብርጭቆ ሲሻገር ልጁ ይመልከት። «ማን ገፋው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን ለመስጠት አይቸኩሉ።

ቀጥሎ ዲያዋ። ሸክላ ከሌለዎት በሕንድም የተለመደውን የሊጥ ዲያ ይሥሩ። የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውኃ ጠንከር አድርገው ይለውሱ፤ እርሾ አይግባበት። ልጁ ድብልብል አድርጎ በአውራ ጣቱ መሐሉን ይጎድጉደው፤ አንዱን ጠርዝ ቆንጥጦ አፍ ያውጣላት። ባዘቶ ጥጥ ይስጡትና በመዳፎቹ መካከል እያሸ ቀጭን ክር ያድርገው፤ እንዝርት የምታውቅ አያት ካለች ይህ የእሷ ሰዓት ነው። ክሩን ዘይት ውስጥ ነክረው ጫፉን በአፏ በኩል ጥቂት ያውጡት። ረዥም ክር ብዙ ጭስ ያመጣል፤ ስለዚህ አጭር ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይበቃታል።

ዲያዋን አሸዋ ወይም ውኃ ባለበት ትሪ ላይ ያስቀምጡ። የሚለኩሰው አዋቂ ነው። ስትበራ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ልጁ የሚያየውን ይናገር፦ ስንት ቀለም አለ? ወደየት ትዘነብላለች? በር ሲከፈት ምን ትሆናለች? ከዚያ ለማነጻጸር አጭር ሻማ ለኩሰው የብርጭቆ ማሰሮ ይድፉበት። ነበልባሉ እየጠበበ ይጠፋል፤ ኦክስጅኑ አንሶበት ነው። «እሳትም ይተነፍሳል ማለት ነው?» ቢልዎት ትክክለኛው መንገድ ላይ ደርሷል።

ለጥንቃቄ የሚከተሉትን አይለፏቸው። ክፍት ጣባ ውስጥ የሚገባው የምግብ ዘይት ብቻ ነው፤ ላምባ፣ ቤንዚንና አልኮል ፈጽሞ አይገቡም። የምግብ ዘይት ተኑ እሳት የሚይዘው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ሲሆን ላምባ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት፣ ቤንዚን ደግሞ በተራ የአየር ሙቀት ይቀጣጠላል። ከጋዝ ሲሊንደርና ከመጋረጃ ራቁ። የነጠላ ጥለትና ጥልፍ፣ ረጅም ፀጉርና የሚንጠለጠል እጅጌ ይሰብሰብ። የሚነድ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፤ በክዳን ይታፈናል። ቆዳ ከተቃጠለ የሚፈስስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያድርጉበት፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀቡ። ያለ አዋቂ አንዲት ደቂቃም አትብራ።

ልጆች የሚጠይቁት

«እሳቱን ነው የሚያመልኩት?» በጥንታዊ የቬዳ መጻሕፍት እሳት አግኒ ተብሎ ከአማልክት አንዱ ነው። ዛሬ ብዙ ሂንዱዎች ደግሞ መብራቷ የአምላክ መገኘትና የዕውቀት ምልክት ናት ብለው ያስረዳሉ። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ብዙ አነጋገር እንዳለ ልጁ ይወቅ።

«እኛስ ለምን አናደርገውም?» «እኛ የራሳችን በዓል አለን፤ የእነሱን ደግሞ እናከብርላቸዋለን» ማለት ይበቃል። አንዳንድ ወላጅ ስለ ሌላ እምነት ማስተማር የራስን የሚያናጋ ይመስለዋል። ማወቅና ማምለክ የተለያዩ ናቸው። የራሱን ጥርት አድርጎ የተማረ ልጅ የሌላውን ሲሰማ አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው የራሱንም ያልተማረው ነው።

«ለምን ርችት ይተኩሳሉ?» ደስታን በድምፅ መግለጽ ነው። ጭሱና ድምፁ ግን ሕፃናትን፣ ሕሙማንንና እንስሳትን ስለሚያስቸግር ሕንድ ውስጥም ለመቀነስ የሚጥሩ ብዙ ናቸው። ያለ ርችትም ዲዋሊ ዲዋሊ ነው።

«ጓደኛዬን ምን ልበለው?» «መልካም ዲዋሊ» ይበለው፤ «እንኳን አደረሰህ» ቢልም ያምርበታል። የልብ ምኞት በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል።

ጎረቤት ሲጋብዝ

ከተጋበዛችሁ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ደጃፉ ላይ በቀለም ዱቄት የተሣለ ራንጎሊ የሚባል ጌጥ ሊኖር ይችላል፤ ልጁ እንዳይረግጠው ይያዙት። ብዙ ሂንዱዎች ሥጋ፣ አንዳንዶቹ እንቁላልም ስለማይበሉ ይዛችሁ የምትሄዱት ፍራፍሬ ወይም እንቁላል የሌለበት ጣፋጭ ቢሆን ይመረጣል። ላዱና ባርፊ የሚባሉ ጣፋጮች ይቀርባሉ። ጸሎት ላይ ከደረሳችሁ በአክብሮት ቆማችሁ መጠበቅ ይበቃል፤ እንድትሳተፉ ግዴታ የለባችሁም፣ ባለቤቶቹም አይጠብቁባችሁም። እናንተም በተራችሁ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ፣ ለዒድ ወይም ለገና ልጃቸውን ጥሩ። የእናንተን ችቦ የሚያስረዳላቸው ልጃችሁ ራሱ ይሁን፤ ልጅ የሚገባውን ያህል የሚማረው ሲያስተምር ነውና።

ለወላጆች የምለው ይህ ነው። ልጆቻችን ከብዙ አገር ልጆች ጋር አንድ ደረጃ የሚወጡባት፣ አንድ ክፍል የሚማሩባት ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። የሌላውን በዓል «የእነሱ ነገር» ብሎ ከማለፍ ይልቅ አንድ ምሽት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መረዳት ብዙ ጊዜም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ጥቂት ጥጥ፣ ጥቂት ዘይትና የአንድ አዋቂ ትዕግሥት ይበቃል። ጥቅምት 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት ዲያዋን አንድ ጊዜ ሠርታችሁ እዩ። የዚያን ምሽት ልጃችሁ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ «መልካም ዲዋሊ» ይበል፤ እናንተም አብራችሁት ቁሙ።